ከወገል ጤና፦ ለሹፌራችን ምስጋና፣ ወደ ወሎ ገጠር ለአገልግሎት ለምትወጡም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። የደላንታዋ ወገል ጤና ከተማ ላይ ኔትወርክ ስላገኘሁ ነው የምጽፈው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ስምንት ሆነን፣ ለቆሎ ተማሪዎች ልብስ ይዘን፣ ለአገልግሎት ከአዲስ አበባ ከወጣን 18 ቀን ሆነን፤ የቀረን ሁለት ቀን ነው። ሰኞ ደሴ እናድራለን፣ ማክሰኞ እሱ ከፈቀደ 400 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ቤታችን። ቤት ከገባሁ ሥራው ይውጠኛል፣ ስለዚህ ምስጋናዬን እዚሁ ልበል።

የማመሰግነው የደሴውን ሹፌራችንን ነው። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም በዚያው ልቀጥል። አሮጌ ሀርድቶፕ አላቸው፤ እሷን ከልጆቻቸው ለይተው የሚያዩዋት አይመስለኝም።

አምና ከሌላ ሹፌር ጋር ምን እንደገጠመን የሰማችሁ ታውቃላችሁ። ጥርጊያው መንገድ ሲጀምር «ይሄ በውላችን የለም» ብሎ ተጨማሪ ብር ጠየቀን፤ ስላልነበረን ጧፉንም ዕጣኑንም በጀርባችን ተሸክመን ሄድን። ዘንድሮ ግን ጋሼ ገና ደሴ ሳለን ጭነታችንን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይሄ ሁሉ ልብስ ነው? ሳሙናውስ?» አሉን። ሳሙናችን አንድ ካርቶን ነበር። «የኔ ልጆች፣ የቆሎ ተማሪ ሳሙና ከሌለው እከኩ አዲሱንም ልብስ ይለብሰዋል» ብለው ሰኞ ገበያ ወሰዱን። ሳሙና ገዛን፣ ከፋርማሲ የእከክ ቅባት ጨመርን። እሳቸው ደግሞ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ጣራው ላይ ጭነው መጡ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባንም።

የገባን ዋድላ በኩል ካለው የቅኔ ጉባኤ ቤት ስንደርስ ነው። አብራን የመጣችው ነርስ እከክን አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ዋጋ እንደሌለው አስረዳች፤ ሁሉም በአንድ ምሽት መቀባት አለበት፣ ልብሱና መደረቢያውም መቀቀል አለበት። በምን ይቀቀላል? በጋሼ በርሜል! ቀኑን ሙሉ እንጨት እየማገዱ ከተማሪዎቹ ጋር የዋሉት እሳቸው ናቸው። ማታ አንዱ ተማሪ ቅኔ ዘረፈ፤ ሰሙ ስለ በቅሎ ነው፣ ወርቁ ግን ስለ ጋሼ። የኔታ ሲፈቱላቸው ሳቁና «በቅሎዋ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ።

ጋሼ ሙስሊም ናቸው። ወሎ ስለሆነ ለማንም አይገርም፣ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው። ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ወጥተን ስንበላ፣ እሳቸው ገና ጉሮሯቸው ደርቆ ጎማ ይፈትሻሉ። ያረፍንባቸው እናት (የቄሱ ባለቤት ናቸው) ይህን አይተው ቡናውን ከመግሪብ በፊት አናፈላም አሉ። ስለዚህ ቡና የለመድን የአዲስ አበባ ልጆች እስከ ምሽት ራሳችንን ይዘን እናዛጋ ነበር። በተልባና በቂጣ ሲያፈጥሩ ነው አቦሉ የሚቀዳው።

መንገዱን ልንገራችሁ። ከኩታበር ወደ ደላንታ ሲኬድ የበሽሎ ወንዝ ገደል አለ፣ ወርዶ እንደገና መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ላይ የመኪናዋ ባሌስትራ ተሰበረ። እኛ ጸሎት ጀመርን፤ ጋሼ «አብሽሩ» ብለው በባሕር ዛፍ እንጨትና በከመነዳሪ ጠፍረው አሰሩት። «አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም ይህን ወንዝ በሰው ጉልበት አሻግረው መቅደላ አውጥተዋል፣ እኛ ለአንዲት ባሌስትራ እንለቅስ?» አሉን። ወገል ጤና ድረስ ቀስ ብለን ደረስን።

ሌላም አለ። ከመነሳታችን በፊት መንገዱን ፊት ለፊት ላሉ ሹፌሮች ደውለው ያጣራሉ፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ አይነዱም፣ ብትለምኗቸውም። መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ጭነቱን የሚያደርሱ አህዮችና በቅሎዎችም በእሳቸው ስልክ ነው የተገኙት። ነዳጅና ኮቴ በደብተር ይጽፋሉ፤ ትናንት ሒሳብ ስናደርግ የተረፈውን ቆጥረው መለሱልን።

እውነቱን ለመናገር ዋጋቸው ከገበያው ትንሽ ከፍ ይላል። ለፎቶ ቁሙልን ስትሏቸውም ፊታቸው ይጠቁራል። ንጋት ላይ መንዙማ ይከፍታሉ፣ ድምፁን ቀንሱ ብትሏቸው ለአምስት ደቂቃ ነው የሚቀንሱት። አንድ ቀን ግን እኛ መዝሙር ስንጀምር ዘጉትና «ከበሯችሁስ?» አሉ። በጾም ከበሮ አይመታም ስንላቸው፣ «እንግዲያው እኔ ልምታላችሁ» ብለው መሪውን በጣታቸው መቱልን። ዲያቆናችን ምን ይበል፣ ዝም አለ።

በላስታም ሆነ በአምባሰል፣ ግሸንም ለመሄድ ያሰባችሁ ማኅበራት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ከመግዛታችሁ በፊት ንገሯቸው። እስከ ኢድ ድረስ ግን ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አትደውሉ፣ እያፈጠሩ ነው።