አንድ አብርሃም፣ ሁለት ምስክርነት፦ ሮሜ 4 እና ያዕቆብ 2

ጳውሎስም ያዕቆብም የሚጠሩት ምስክር አብርሃም ነው። የሚጠቅሱት ቃል እንኳ አንድ ነው፦ «አብርሃምም እግዚአብሔርን አመነ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት»።

ጳውሎስ የሚያቆመን ዘፍጥረት 15 ላይ፣ ከዋክብት በሞሉት ሰማይ ሥር ነው። አብርሃም ገና ልጅ የለውም፤ ገና አልተገረዘም። ግርዘቱ የመጣው በምዕራፍ 17፣ በ99 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ጽድቁን በግርዘቱ አገኘ የሚል ሰው መልስ ያጣል። ያዕቆብ ግን ወደ ዘፍጥረት 22 ይወስደናል፤ ይስሐቅ ታስሮ በእንጨቱ ላይ ተጋድሟል፣ ቢላዋውም በአባቱ እጅ ነው።

ጳውሎስ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ሲል፣ ያዕቆብ በሥራ እንጂ በእምነት ብቻ አይጸድቅም ስለሚል አንዳንዶች እዚህ ላይ ግጭት ያያሉ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ማርቲን ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1522 ባወጣው የአዲስ ኪዳን መቅድም የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ጋር አመሳስሎታል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ማንን እንደሚናገሩ እንይ። ጳውሎስ የሚሟገተው ጽድቅን በሕግ ሥራ ከሚፈልጉ ጋር ነው። ያዕቆብ የሚገሥጸው ደግሞ የታረዘና የተራበ ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው እኮ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ሊወጣው ይችላል! አጋንንትም ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጡማል።

ደግሞስ ጳውሎስ ራሱ የሮሜን መልእክት ሲከፍት (1፥5) ከእምነት ስለሚነሣ መታዘዝ አይደል የሚናገረው?

ኃጢአቱ ከብዶት ተስፋ ለቆረጠ ሰው አስቀድሜ ሮሜ 4ን አነብለታለሁ። አምናለሁ እያለ የሠራተኛውን ደመወዝ ለሚከለክል ግን ያዕቆብ 2 ይቅደም።