«ንጹህ ውሃ» ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳኝ ልጅ

እንዲህ ያለ ጽሁፍ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ዛሬ ጠዋት ግን የዓሣ ገንዳችን ውስጥ ያሉት ኮራሎች (አበባ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት ናቸው) ተከፍተው ሳይ ዝም ማለት ከበደኝ። ምስጋናው ገንዳዋን ላተረፈልን ባለሙያ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

200 ሊትር የምትይዝ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም አለችን። ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ አንዲት ሽሪምፕና ሦስት ለስላሳ ኮራሎች ይኖሩባታል። የሚተነውን ውሃ በየቀኑ የምትተካው እህቴ ነበረች። ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ስትሄድ አደራውን ለኔ ጣለችው። «ምልክቱ ጋ እስኪደርስ በየቀኑ ንጹህ ውሃ ጨምርበት» አለችኝ። እኔም ጨመርኩ። ንጹህ የጨው ውሃ! በባልዲ በጥብጬ፣ በጥንቃቄ ለክቼ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ።

መጀመሪያ ኮራሎቹ ተኮማተሩ። ቀጥሎ አሸዋው ላይ ቀይ ልጋግ የመሰለ ነገር ተነጠፈ። ከዚያ ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን መክፈትና መክደን ጀመሩ። ጨዉን በሃይድሮሜትር፣ ውሃ ውስጥ በሚንሳፈፍ ክንድ በሚያነብ መለኪያ፣ ለካሁ፤ 1.025 ይላል፤ ማለትም ውሃው ከንጹህ ውሃ 1.025 እጥፍ ይከብዳል። ደህና ነው። ስለዚህ ችግሩ ጨው አይደለም ብዬ ደመደምኩ። መጀመሪያ የጠራሁት ሌላ ሰው ገንዳዋን በደንብ ሳያይ ሦስት ጠርሙስ አስታቅፎኝ ሄደ። አንዱ ለቀዩ ነገር፣ አንዱ «ለባክቴሪያ»፣ አንዱ ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ነው፤ አንደኛው ክላውንፊሽ ላይ ነጭ ነጥብ አይተን ነበርና።

ጠርሙሶቹን ሳልከፍት ጓደኛዬ ልጁን ጠቆመችኝ። መጣ። ጠርሙሶቹን አየት አደረገና ምንም አላለም። ገንዳው ውስጥ እጁን አልከተተም። ወንበር ስቦ ሩብ ሰዓት ያህል ዓሦቹን ተመለከተ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «የሚተነውን ውሃ በምን ነው የምትተካው?»

ነገርኩት። አልሳቀም። (እኔ ብሆን እስቅ ነበር።) «ወንድሜ፣ የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉ የትም አይሄድም» አለኝ።

ከዚያ ሂሳቡን ወረቀት ላይ አሳየኝ። ከኛ ገንዳ በቀን 2 ሊትር ገደማ ይተናል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ደግሞ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። እኔ እንግዲህ በየቀኑ 70 ግራም ጨው እያከልኩ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ሃይድሮሜትሩስ?» አልኩት። ከቦርሳው ሪፍራክቶሜትር፣ ጨዉን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ፣ አወጣ። መጀመሪያ በመለኪያ ፈሳሽ አስተካከለው፤ ያላስተካከልከው መሣሪያ ግምት ነው የሚሰጥህ አለኝ። አንድ ጠብታ ጣል አደረገበት። 1.031! የኔ ሃይድሮሜትር ክንዱ ላይ ጨው ጋግሮበት ከብዷል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ያነባል። የአየር አረፋ ቢለጠፍበት ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። በኮምጣጤ ዘፍዝፌ እንዳጸዳው ነገረኝ። ዘፈዘፍኩት፤ አሁን ይሠራል፤ እኔ ግን አላምነውም።

ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ተፈታ። ውሃ ጨው በበዛበት ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ማታ መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን የሚያመርት ስለሌለ ጠዋት ላይ ይብሳል። በዚያ ላይ የፓምፑ አፍ በቆሻሻ ተደፍኖ የውሃው ገጽ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። አጸዳውና አፉን ወደ ላይ አዞረው፤ ውሃው ገጹ ላይ መናጥ ጀመረ። ዓሦቹ እሱ ሳይወጣ ወደ ታች ወረዱ።

ቀዩን ነገር እኔ አልጌ እለው ነበር። ሳያኖባክቴሪያ፣ አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ፣ ነው አለኝ፤ ውሃ በማይንቀሳቀስበትና የምግብ ትራፊ በሚጠራቀምበት ቦታ ይመቸዋል። በቀጭን ቱቦ መጠጠው። ጠርሙሱን ለምን አንጠቀምም ስለው «ይሄ ሁሉ ባንዴ ሞቶ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርስብሃል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። ሁለቴም መጠጥኩት፣ ምግብም ቀነስኩ። ሦስተኛ አልመጣም።

ነጩን ነጥብ በባትሪ መብራት አየው፤ የአሸዋ ቅንጣት ነበር። ዓሣው ሲሮጥ ቅንጣቷ ወደቀች። ነጭ ነጥብ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ቢሆን እንኳ መዳብ እዚህ ገንዳ ውስጥ አይገባም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሽሪምፗንም፣ ቀንድ አውጣዎቹንም፣ ኮራሎቹንም ይጨርሳል። የታመመ ዓሣ ለብቻው በሌላ ገንዳ ነው የሚታከመው። ያን ጠርሙስ ልጨምር አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

እኔ 30 ሊትር ጨው የሌለው ውሃ ባንዴ ልገለብጥበት ባልዲ አንስቼ ነበር። እጄን ያዘኝ። ዓሦቹ ቢችሉት እንኳ ኮራሎቹና ሽሪምፗ ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። በቀን 6 ሊትር ገደማ እየቀዳሁ፣ በቦታው ጨው የሌለው ውሃ እየተካሁ፣ በቀን 0.001 ያህል አወረድነው። ስድስት ቀን ፈጀ። በየማታው የለካኸውን ላክልኝ ብሎኝ ነበር፤ እልካለሁ፣ «ጥሩ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም።

ለገንዳው ውሃ የምናጣራበት ማጣሪያ የሚሰጠውንም ውሃ፣ የሟሟ ነገር በሚለካ ትንሽ መለኪያ ፈትሾታል፤ 0 አለ። እህቴ ንጹህ ስትል ይሄን ማለቷ ነበር፦ ጨውም፣ ናይትሬትም፣ ፎስፌትም፣ ምንም የሌለበት። ገንዳው ውስጥ ያለውን ፊልተር ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እንደማጥብም ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን፣ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። አሞኒያውን ለካ፤ አልነበረም። «እድለኛ ነህ» አለኝ። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው የሚታጠበው።

ቀጠሮ ላይ ትንሽ ይቀራል፤ ሁለቱንም ጊዜ አርፍዶ ነው የመጣው። ያስከፈለኝ ግን የድካሙን ብቻ ነው፤ አንዲት ጠርሙስ አልሸጠልኝም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሚተነውን ውሃ በምን እንደምትተኩ አስባችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። እህቴ ደግሞ ይህን ካነበብሽ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። መጀመሪያ እንዳትቆጪ ልጁን አናግሪው።