ራይዘን 5 5600፦ ቀን ለሰርግ ቪዲዮ፣ ማታ ለጌም

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ወንድሜ!» የሚለውን ነው። ይህ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ስም ነው። ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ድምፁ ቀነስ ይላል። ስላይትሊ ዩዝድ ተብለው ከሚሸጡት መካከል አራተኛ ጀነሬሽን አይ ሰቨን ሞልቷል። አይ ሰቨን 4790 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። አራት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) አለው፣ የሚሠራው ዲዲአር 3 በሚባለው የድሮ ራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ ስሪ 12100 እሱም አራት ኮር ነው፣ ግን በጌምም በሥራም ጥሎት ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አራተኛ ጀነሬሽንን በይፋ አይደግፍም። ስለዚህ ሰቨን የምትለዋ ቁጥር ብቻዋን ብዙ አትነግራችሁም።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነው። ቀን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ማታ ታናሽ ወንድሜ ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወታል። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ጥር ሲገባማ ወረፋው ጠብ ያመጣል። በፊት የነበረን ፕሮሰሰር የኤኤምዲው ራይዘን 5 2600 ሲሆን ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቢ450 ነው። ኤኤም4 የሚባለውን የፕሮሰሰር መሰኪያ ሶኬት የምወደው በዚህ ነው፤ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም) አድሼ አዲሱን ፕሮሰሰር፣ ራይዘን 5 5600ን፣ እዚያው ላይ ሰካሁት። ማዘርቦርዱም ራሙም ግራፊክስ ካርዱም አልተነኩም። ዕቃውን ያመጣችልኝ ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። ሳጥኑ ትንሽ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ጎን ይገባል። ሙሉ ኮምፒውተር አምጡልኝ ብላችሁ ዘመድ ከማስቸገር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 2600 ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ስሬድ (ጎን ለጎን የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ነው። 5600ም ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ስሬድ ነው። አንድ ኮር እንኳን አልጨመርኩም። ማሽኑ ግን ሌላ ሆኗል። ከፍተኛው ፍጥነቱ ከ3.9 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ከፍ ብሏል፣ ግን ሚስጥሩ እሱ ብቻ አይደለም። አዲሱ ኮር በአንድ ምት የሚጨርሰው ሥራ ይበልጣል። ካሹም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ማከማቻ) አለ። የድሮው 16 ሜጋባይት ነበረው፣ ያውም ለሁለት የተከፈለ፤ ሦስት ኮሮች 8፣ ሌሎቹ ሦስት 8 ይደርሳቸው ነበር። የአሁኑ 32 ሜጋባይት ነው፣ ስድስቱም ኮሮች በጋራ ይጠቀሙበታል። ጌም ቶሎ ቶሎ ትንንሽ ዳታ ይጠይቃል። ዳታው ካሽ ውስጥ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ራም እስኪመልስለት ይጠብቃል። ያኔ ነው ስክሪኑ ደንገጥ፣ ቆም የሚለው።

ወንድሜ ልዩነቱን ያየው ጭስ ተወርውሮ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲታኮስ ነው። በፊት ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) እዚያ ላይ ይወርድ ነበር፤ አሁን ይይዛል። ጂቲኤ 5 ላይም ከተማ ውስጥ በፍጥነት ሲነዳ የነበረው መንተፋተፍ ቀርቷል። የእግር ኳሱ ጌም ላይ ግን ምንም ለውጥ አላየንም፣ እሱን የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፒንግም (ከሰርቨሩ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) አልቀነሰም። ከዱባይ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘን ኢንተርኔት እንጂ ፕሮሰሰር አይደለም፤ ይህን ለወንድሜ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሥራ ላይስ? ፕሪሚየር የሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ቪዲዮ እያወጣ፣ ክሮም ላይ ብዙ ታብ ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ለሙሽሮቹ ፎቶ እየጫነ ኮምፒውተሩ አይሞትም። እዚህ ላይ ግን ምስጋናውን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ አልሰጥም። ብዙ መስኮት ከፍቶ መሥራት ከሁሉ በፊት የራም ጉዳይ ነው። የእኔ 32 ጊጋ ነው፣ ባለ 16 ሁለት። አንድ ባለ 8 ራም ብቻ ያለው ሰው ፕሮሰሰር ከመቀየሩ በፊት ሁለተኛ ራም ይጨምር። ረጅም ቪዲዮ ሬንደር የምታደርጉ (ኤዲቱን ጨርሳችሁ ፋይሉን የምታወጡ) ከሆነ ደግሞ ስምንት ኮር ያለው 5700 ኤክስ ቶሎ ይጨርስላችኋል። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን ትርፍ ገንዘቡን ግራፊክስ ካርድ ላይ አውሉት።

የማልወድለትም አለ። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሬንደር ሲጀመር ይጮኻል። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ያናድዳል። ከዚያ ሌላ፣ በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ካርዳችሁ የተበላሸ ቀን ስክሪኑ ጨለማ ነው። «እንግዲያው 5600 ጂ ልግዛ» የሚል ካለ፣ ጂ ግራፊክስ አለው፣ ካሹ ግን 16 ሜጋባይት ነው። 5500ም እንደዚያው 16 ነው። በስም ይቀራረባሉ፤ ዋጋ ስትጠይቁ ሙሉ ስሙን ፊደሉ ሳይቀር ተናገሩ።

ስትቀይሩ ሁለት ነገር። ባዮስ ስታድሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ይኑራችሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል፣ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው፣ የኤኤም4 ፒኖች (ቀጫጭን እግሮች) ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የድሮውን ማቀዝቀዣ ከመንቀላችሁ በፊት ማሽኑን ትንሽ አሠሩት፣ በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ይለስልሳል። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ማቀዝቀዣውን ፈትታችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት። ዝም ብሎ ሽቅብ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩንም አብሮ ነቅሎ ፒን ሊያጣምም ይችላል።

ኤኤም4 ማዘርቦርድ የሌለውና ሁሉንም ከዜሮ የሚገዛ ቪዲዮ ኤዲተር ግን 5600ን እንዲገዛ አልመክረውም። የኢንቴሉን አይ ፋይቭ 12400 ይይ፣ ከስሙ መጨረሻ ኤፍ የሌለበትን። በውስጡ ያለው ግራፊክስ ዘመናዊ ካሜራዎች የሚቀርጹትን ኤች 265 የሚባል የታመቀ፣ ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ (ባለ 10 ቢት 4:2:2) ቪዲዮ ራሱ ይፈታዋል፤ ታይምላይን ላይ ስትጎትቱት አይንቀራፈፍም። ኤፍ ያለበት ይህ ግራፊክስ የለውም፣ ረከስ ያለውም ለዚያ ነው።