ሮማን፦ ሙሉውን፣ ጭማቂውን ወይስ ዱቄቱን?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሮማን ፈልጎ ለወጣ ሰው ምርጫው በዝቷል። ሙሉው አለ፣ ጁስ ቤት የሚጨመቀው አለ፣ በካርቶን የታሸገው አለ። የልጣጭ ዱቄትና እንክብልም መጥቷል። የሁሉም ማስታወቂያ «አንቲኦክሲዳንት» (የሰውነት ሴሎችን ከጉዳት ይጠብቃል የሚባል ንጥረ ነገር) ነው።

በአንቲኦክሲዳንት ብቻ ከሆነ የፋብሪካ ንጹህ ጭማቂ ይበልጣል። ይገርማል አይደል? ፑኒካላጂን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ልጣጩ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሮማኑን ከነልጣጩ ስለሚጨምቀው አብሮ ይወጣል። በፈረንጆቹ 2000 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ጭማቂ ከቀይ ወይን ጠጅና ከአረንጓዴ ሻይ ሦስት እጥፍ ገደማ አቅም እንዳለው አሳይቷል። ቀዩ ፍሬ ተፈልፍሎ ብቻውን ሲጨመቅ ግን ያንሳል።

ታዲያ ይሄ የላቦራቶሪ ልኬት ነው። ፑኒካላጂን እንዳለ ወደ ደም አይገባም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው ሰባብረው የሚቀይሩት፤ የእነሱ ዓይነት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ጭማቂው የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በመጠኑ!

ስኳሩን እንይ። አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ንጹህ ጭማቂ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ፋይበሩ የለም ማለት ይቻላል። 100 ግራም ፍሬ ግን ወደ 14 ግራም ስኳር ቢኖረውም 4 ግራም ፋይበር ይዟል። ደግሞ እየፈለፈሉ ሲበሉት ቶሎ አያልቅም። ስኳር ላለበት ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፤ ለእኔም ሙሉው ይሻላል።

ካርቶን ከገዙ ጀርባውን ያንብቡ። «ኔክታር» ካለ ውሃና ስኳር ተጨምሮበታል። ዝርዝሩ ላይ ፖም ወይም ወይን ከቀደመ፣ የከፈሉት ለሮማን ሥዕሉ ነው። ጁስ ቤት ደግሞ «ስኳር አይግባበት» ማለት እንዳይረሱ።

ዱቄቱና እንክብሉ ላይ ገንዘቤን አላወጣም። አሜሪካ ውስጥ ፖም ወንደርፉል (POM Wonderful) የተባለው የሮማን ጭማቂ ኩባንያ ጭማቂውና እንክብሉ የልብ ሕመምንና የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከላሉ ብሎ አስተዋውቆ፣ የንግድ ኮሚሽኑ በፈረንጆቹ 2013 ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ ወስኖበታል። የግፊት መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ጭማቂውንም ቢሆን አዘውትረው ከመጠጣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ሙሉውን ሲመርጡ ቅላቱ አያታልልዎት። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለቱን በእጅ መዝነው ከበድ ያለውን ይውሰዱ። ጎኑ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለው የበሰለ ነው። ፍሪጅ ካለዎት ሳይላጥ ሁለት ወር ድረስ ይቆያል።