የጀርመን ቋሚ መኖሪያ፦ የአገሩ ካርድ ወይስ የአውሮፓ ኅብረቱ?

ጀርመን 5 ዓመት የሞላው ሰው ሁለት ካርድ ያማርጣል፤ ኒደርላሱንግስኧርላውብኒስ (የአገሩ) ወይስ ዳወርአውፍኤንትሃልት-ኢዩ (የኅብረቱ)። ሁለቱም የጊዜ ገደብ የላቸውም፤ ሁለቱም የቢ1 (መካከለኛ) ደረጃ ጀርመንኛና ራስን የሚያስችል ገቢ ይጠይቃሉ።

ዋጋ፦ የአገሩ በመደበኛው 113 ዩሮ፣ የኅብረቱ 109። በ4 ዩሮ መቼም ማንም አይወስንም።

ከአገር መውጣት፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በአገሩ ካርድ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከጀርመን ውጭ 6 ወር ካለፈ፣ እንደ ደንቡ መብቱ ይጠፋል። እናቱ ታማበት አዲስ አበባ የገባ ሰው ማስታመሙ፣ ከባሰም ለቅሶው፣ አርባው፣ የውርሱ ጉዳይ ሲባል 6 ወር እንደ ዋዛ ይሞላበታል። የኅብረቱ ካርድ ከኅብረቱ ውጭ በተከታታይ እስከ 12 ወር ይታገሣል።

ሌላ አገር መሥራት፦ የኅብረቱ ካርድ ኔዘርላንድስ ወይም ስዊድን ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ በር ይከፍታል፤ የዚያን አገር መስፈርት ማሟላት ግን አይቀርም።

ፍጥነት፦ ጥገኝነት ያገኘና ጀርመንኛው ሲ1 (ከፍተኛ ደረጃ) የደረሰ፣ ኑሮውንም በአብዛኛው ራሱ የሚሸፍን ሰው የአገሩን በ3 ዓመት ሊያገኝ ይችላል። ለእሱ ሌላውን መጠበቅ ትርጉም የለውም።

ቤተሰቡ አገር ቤት ላለና ለሚመላለስ ግን እኔ የኅብረቱን እመርጣለሁ። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝም ይቻላል።