«ከሙሉ ባንድ ጋር» ብለው 300 ዶላሬን በሉኝ

ከአዳራሹ ከወጣሁ አራት ሰዓት አልሞላኝም። እማዬ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ግን ንዴቱ አላስተኛ አለኝ። የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች፣ ፕሮሞተሩን ስሙን ባልጠራም ታውቁታላችሁ። ያው በዓል በመጣ ቁጥር ፍላየር የሚለቀው፣ ገንዘቡ ከገባለት በኋላ ስልክ የማያነሳው።

ማህሙድ አህመድ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ሲሰናበት እማዬ ያየችው በእኔ ስልክ ነው፣ እንባዋ እየወረደ። ያን ቀን የእሷ ዘመን ዘፋኝ እዚህ ከመጣ መድረኩ ስር አስቀምጣታለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። የአንድ የእሷ ዘመን ዘፋኝ «የስንብት ኮንሰርት፣ ከሙሉ ባንድ ጋር» የሚል ፍላየር ሳይ ታዲያ ምን አመነታለሁ? ቪአይፒ በሰው 150 ዶላር። ለፕሮሞተሩ በዜል፣ በዚያ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት፣ ላክሁ። ደረሰኝ ብጠይቅ የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ!

«ማታ 3 ሰዓት» ማለት 6 ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሐበሻ ነኝ። እማዬ ግን በ74 ዓመቷም ሰዓት ታከብራለች። በ3 ሰዓት ተገኘን። ዲጄ ብቻ። 5 ሆነ፣ 6 ሆነ። የሚያዘገዩት ለባሩ ብለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ መጠጥ ስለማይሸጥ፣ እስከዚያ ሰው እየጠጣ ይጠብቅላቸው። ለእማዬ ውሃ ገዛሁ፣ 6 ዶላር።

7 ሰዓት ከ20 ላይ ዘፋኙ በነጭ ሱፍ ብቅ አለ። እማዬ ብድግ ብላ አጨበጨበች። እኔ ባንዱን ፈለግሁ። አንድ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ላፕቶፕ። ይሁን፣ ድምፁ ይበቃናል አልኩ። ድምፁም ግሩም ነበር፣ የጎረምሳ ድምፅ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ አንድ ሰውዬ ሊሸልም መድረክ ወጣ። መቶ ዶላር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ዘፋኙም አቀፈውና በማይኩ «ተባረክ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ዘፈኑ ግን አላቆመም። አንዱ ድምፁ ያመሰግናል፣ ሌላው ድምፁ ስለ ፍቅር ያንጎራጉራል። የሚያመሰግነው የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ሻካራ፣ ትንፋሽ ያጠረው። እሱን እንኳ ቢዘፍንልን ምን ነበረበት?

እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ካሴቱማ ቤትም አለኝ» አለችኝ።

እማዬ በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን አዲስ አበባ ሂልተን ገብታ፣ ዋልያስ ባንድን እስኪነጋ የሰማች ሴት ናት። ያኔ አንዴ ከገቡ ከንጋት በፊት መውጣት የለም፣ ስለዚህ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። እሷን ነው እንግዲህ ላፕቶፕ ያስደመጥኳት።

ስድስት ዘፈን ከፍቶ፣ አዎ ከፍቶ፣ 8 ሰዓት ላይ መብራት በራ። በሩ ላይ የቆመውን ልጅ ባንዱ የት አለ አልኩት። ማስቲካውን እያኘከ «እህቴ፣ አርቲስቱን አይተሽዋል አይደል?» አለኝ። ከዚያ እማዬን ከላይ እስከ ታች አያትና «እማማ ደግሞ በዚህ ሰዓት ምን ይሠራሉ?» ብሎ ሳቀ። እኔ መልስ አጣሁ። አሁን ሃያ መልስ ይመጣልኛል።

የሚገርመው የአክስቴ ልጅ አምና በዚሁ ፕሮሞተር እንዲሁ ተበልታ ነግራኝ ነበር። ዘንድሮ ተሻሽሎ ይሆናል አልኳት።

በዜል አትላኩ፣ ባንክ አያስመልስላችሁም። ለፋሲካ ደግሞ ሌላ ፍላየር ለቋል፣ እሱም ላይ «ከሙሉ ባንድ ጋር» ይላል። የትኛው ባንድ እንደሆነ በስም ጠይቁት።