ኬ3ኤስን 8 ወር ይዤው፦ ያቺ ሰኞ

ደሴ ቢሮዬ ጠረጴዛ ስር ሦስት ያገለገሉ ሚኒ ኮምፒውተሮች አሉ። ሦስቱን እንደ አንድ የሚያሠራቸው ኬ3ኤስ ነው፤ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው የኩበርኔቲስ ቀለል ያለው ዓይነት። ላያቸው ላይ የጅምላ ነጋዴዎች የሽያጭና የመጋዘን ሲስተም ይሠራል። መጫኑ አላስቸገረኝም፤ ከ100 ሜጋባይት በታች የሆነች አንድ ፋይል ናት። 8 ወር ሆነው። ስለ አብዛኛው ጊዜ የምለው የለኝም፣ ሠርቷል።

ያቺ ሰኞ ግን! ገበያው ደርቷል፣ መብራት ሄደ። ሁለቱ ማሽኖች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ናቸው። ሦስተኛውን በስንፍና ግድግዳው ላይ ሰክቼዋለሁ። ሲስተሙ ደግሞ ያን ቀን የሚሠራው እሱ ላይ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ፣ ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ተኛ እኮ! ሰው ቆሞብኛል።»

«ራሱ ይነሳል ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩ፣ በኩራት።

ስክሪኑን አየሁ። የሞተው ማሽን ላይ ያለው ፖድ፣ ማለትም ሲስተሙን የያዘው ክፍል፣ «ረኒንግ» (እየሠራ ነው) ይላል። ወላሂ፣ «ረኒንግ»! ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሦስት። ሐጂ ደግመው ደወሉ፤ አላነሳሁም። ሌላው ማሽን ላይ የተነሳው ከ5 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው።

«አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል» ያላችሁኝ ሰዎች፣ አልዋሻችሁም። መቼ እንደሚተካው ግን ማን ነገረኝ? ካልነካካችሁት፣ የኔው ስሪት ማሽኑ መጥፋቱን ለማመን 40 ሰከንድ ይፈልጋል። ከዚያ ፖዱን ሌላ ቦታ ለማስነሳት 300 ሰከንድ ይታገሳል። ኔትወርክ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሁሉን እንዳያተራምስ ነው አሉ። ጎግል ኩበርኔቲስን በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ የሐጂ ወረፋ አልታየውም።

አሁን 300ውን ወደ 30 አውርጄዋለሁ። የሲስተሙንም ቅጂ ሁለት አድርጌ የተለያየ ማሽን ላይ አስቀመጥኩ። ባለፈው ወር ሆን ብዬ አንዱን ነቀልኩት። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ገጹ አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ጸጥ። ይኼን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ምን ነበረበት?

አልጥለውም። አንድ ማሽን ብቻ ላለው ሰው ግን በአንድ ማሽን ላይ ፕሮግራሞችን አብሮ የሚያስነሳው ዶከር ኮምፖዝ ይበቃዋል፣ ራስ ምታቱን አይግዛ። ሦስተኛውም ማሽኔ ዩፒኤስ ላይ ገብቷል።

ሐጂ ግን ከዚያ ሰኞ ወዲህ ደብተራቸውን ከጠረጴዛው አላነሱም። ስልካቸው ላይ ከመዘገቡ በኋላ፣ እያየኋቸው፣ በእስክሪብቶ ይደግሙታል።